ኮሶ፦ የአንድ መድኃኒትና የአንድ ልማድ ታሪክ

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ ከኖሩት የሕክምና ልማዶች መካከል እንደ ኮሶ መጠጣት በመላው ኅብረተሰብ ዘንድ የተስፋፋ፣ ጊዜው የታወቀና ሥርዓቱ የተወሰነ ሌላ ልማድ ማግኘት ያስቸግራል። መኳንንቱም ሎሌውም፣ ካህኑም ገበሬውም፣ ወንዱም ሴቱም በየሁለት ወሩ ግድም አንድ ቀን ከሥራ ተለይተው ይህን መራራ መድኃኒት ይጠጡ ነበር፤ መድኃኒቱም ከጥሬ ሥጋ ጋር ወደ ሰው አንጀት የሚገባውን ረጅም ጠፍጣፋ ትል፣ ማለትም የኮሶ ትልን፣ ከሆድ ያስወጣ ነበር። የዚህ ልማድ ታሪክ ሲመረመር ሁለት ቁም ነገሮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንደኛው ያለ ቤተ ሙከራና ያለ አጉሊ መነጽር የተገኘው እውቀት ምን ያህል የጠለቀ እንደ ነበር ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕመምተኛውን ብቻ የሚያክም፣ በሽታው የሚመላለስበትን መንገድ ግን የማይዘጋ ሕክምና ምንም ያህል ቢዘወተር ሕዝብን ከበሽታው ሊያላቅቅ እንደማይችል ነው።

ኮሶ በሳይንሳዊ ስሙ ሀጌኒያ አቢሲኒካ የሚባል፣ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ የደጋ ዛፍ ነው። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ይበቅላል፤ ቁመቱም እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። ከኢትዮጵያ ውጭ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ተከትሎ እስከ ማላዊና ዛምቢያ ድረስ የሚገኝ ሲሆን፣ በኦሮምኛ ሄቶ ተብሎ ይጠራል። ወንዴውና ሴቴው አበባ በተለያዩ ዛፎች ላይ ስለሚያብብ ባለመድኃኒቶች ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ለመድኃኒትነት የሚመርጡትም ወደ ቀይ የሚያደላውንና ከቅርንጫፉ ተንዠርግጎ የሚወርደውን የሴቴውን ዛፍ አበባ ነበር። አበባው ከቆየ ኃይሉ እንደሚደክምም ስለሚያውቁ ከአዲሱ ወቅት የተለቀመውን ከከረመው ያስበልጡ ነበር።

መድኃኒቱ የሚዘምትበት ትል በሳይንስ ቋንቋ ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል። ይህ ጥገኛ ትል ሙሉ አካል ሆኖ የሚኖረው በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ከመርፌ ራስ ብዙም በማይበልጠው ጭንቅላቱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች የአንጀቱን ግድግዳ ጨብጦ ይይዛል፤ ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ካለው አንገት ደግሞ አዳዲስ ክፋዮች በተከታታይ እየበቀሉ ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርስ ሰንሰለት ስለሚሠሩ፣ ትሉ እንደ ጥብጣብ እየረዘመ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም በላይ ይደርሳል። በጫፍ ያሉት የበሰሉ ክፋዮች እያንዳንዳቸው እስከ 100,000 የሚደርስ እንቁላል ይዘው ከሰውነት ይወጣሉ። ከብት በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ ወይም ውኃ ሲጠጣ እንቁላሎቹን ይውጣል፤ ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈለው ረቂቅ ሽል የከብቱን አንጀት በስቶ በደም ዝውውር ወደ ጡንቻ ከደረሰ በኋላ በዚያ ውኃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት የምትመስል እጭ ይሆናል። ሰው ይህን ሥጋ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ሲበላ እጩ በአንጀቱ ተጣብቆ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ክፋዮቹን መጣል የሚጀምር ሙሉ ትል ይሆናል።

ይህ ዑደት በኢትዮጵያ ደጋ የተመቸ ኑሮ አግኝቶ ነበር። ከዐቢይ ጾም ፍች በኋላ፣ በሠርግ፣ በድግስና በክርስትና በዓላት ጥሬ ሥጋ የክብርና የፍቅር ማዕድ ነበር፤ ቁርጡ፣ ክትፎውና ጎረድ ጎረዱ የዚህ ባህል መግለጫዎች ናቸው። በሌላ በኩል መጸዳጃ ቤት መቆፈር በገጠሩ ያልተለመደ በመሆኑ ሰው በሜዳ ይጸዳዳ ነበር፤ ከብቱም በዚያው ሜዳ ይሰማራ ነበር። ስለዚህ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚደረገው መመላለስ የሚቋረጥበት ቦታ አልነበረውም። ትሉ በአብዛኛው ሰውን ለሞት የማያደርስ፣ የሆድ መታወክን፣ ማቅለሽለሽንና ክፋዮቹ ሲወጡ የሚሰማ ማሳከክን የሚያስከትል ስለ ነበር፣ ሰዎች ከሕይወት ጋር አብሮ የሚኖር የማይቀር ዕዳ አድርገው ተቀበሉት፤ ዕዳውንም በየጊዜው የሚከፍሉበትን ሥርዓት አበጁለት።

የሥርዓቱ አፈጻጸም በየአካባቢው ጥቂት ልዩነት ቢኖረውም መሠረቱ አንድ ነው። የደረቀው አበባ በሙቀጫ ተወቅጦ ወይም በወፍጮ ተፈጭቶ፣ አንድ እፍኝ ያህሉ በውኃ ወይም በጠላ ይዘፈዘፋል። ጠጪው ከዋዜማው ጀምሮ ምግቡን ቀለል አድርጎ ያድራል፤ በማለዳም ምንም ሳይቀምስ የተዘፈዘፈውን ከነአተላው ይጨልጠዋል። ከዚህ በኋላ እስኪያስቀምጠውና ትሉ እስኪወጣ ድረስ ከምግብ ተከልክሎ ይቆያል። በባዶ ሆድ መጠጣቱ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ሳይደባለቅ ትሉን በቀጥታ እንዲያገኘው የሚያደርግ በመሆኑ፣ ሳይንሳዊው ሕክምና በኋላ ዘመን ለትል መድኃኒቶች ከሰጠው መመሪያ ጋር የሚስማማ ነበር። መድኃኒቱ ከመምረሩ የተነሣ ለመጠጣት ጽናት ይጠይቅ ነበር፤ ማቅለሽለሹ፣ የሆድ ቁርጠቱና ድካሙም ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚያውል ነበር።

ኮሶ የተጠጣበት ቀን ማኅበራዊ መብት የነበረው ቀን መሆኑ የልማዱን ሥር መስደድ በግልጽ ያሳያል። ከ1769 እስከ 1771 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ከወዳጆቹ ዐይን ተሰውሮ በቤቱ እንደሚውል መዝግቧል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ ተጓዦችም ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ እንደማይቀበልና ለሥራ እንደማይጠራ ተመልክተዋል። ስለዚህም ኮሶ ጠጥቷል የሚለው ቃል በትልቅ ሰው ደጅ ለቆመ ባለጉዳይ በቂ መልስ ነበር፤ ሎሌም ቢሆን ኮሶ በሚጠጣበት ቀን ከጌታው አገልግሎት ነጻ መሆኑ የታወቀ ነበር። ብሩስ ዛፉ የመንደሩ ሰው እንዲጠቀምበት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከጽድ ጋር ይተከል እንደ ነበር ጽፏል፤ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ርቀው የማይሄዱትም ይህን መድኃኒት በሌላ አገር ስለማያገኙት ነው ሲባል መስማቱን ጨምሮ አስፍሯል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር የአገር በቀል ዛፎች መጠለያ በመሆኑ፣ የመድኃኒቱና የእምነቱ ሥፍራ በአንድ አጥር ውስጥ መገናኘታቸው ለልማዱ ዕድሜ የበኩሉን ረድቷል።

መድኃኒቱ ዛፉ በሌለበት ቆላና ወይና ደጋም ስለሚፈለግ በየገበያው የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። ንግዱ ግን አነስተኛ ካፒታል የሚጠይቅና የድሆች በተለይም የችግረኛ ሴቶች መተዳደሪያ በመሆኑ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። የዚህ ትልቁ ምስክር ከዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ጋር ተያይዞ የሚነገረው ታሪክ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ተቸግረው ኮሶ በመሸጥ ልጃቸውን እንዳሳደጉ ይተረካል፤ በኋላ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ ገና በሽፍትነትና በጦር አለቃነት ስም ሲያወጡ ባላጋራዎቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ከእነዚህም አንዱ የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ እየደጋገሙ ካሣን አስረው እንደሚያመጡ ከፎከሩ በኋላ በጦር ሜዳ ተሸንፈው ሲማረኩ፣ ካሣ ኮሶ እንዲበሉ እንዳደረጓቸው ይነገራል። ታሪኩ ሁሉም የሚፈልገውን መድኃኒት የሚያቀርበው ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ ምን ያህል ይናቅ እንደ ነበር ያስረዳል፤ ይህም በባህል ሕክምና ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው በደል ነው።

ኮሶ ከትል ማስወጫዎች ሁሉ የገነነ ቢሆንም ብቸኛው አልነበረም። እንቆቆ፣ መተሬ፣ ሙሰናና የዱባ ፍሬም ለዚሁ አገልግሎት ይውሉ ነበር፤ የእነዚህም የአዘገጃጀት ዘዴ በአብዛኛው በቃል፣ በከፊልም ሊቃውንትና ደብተራዎች በጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ተላልፏል። ኮሶን ለመታገሥ የማይችሉ ሰዎች ከእነዚህ ለስለስ ያለውን ይመርጡ ነበር። በዚህ መልክ ሲታይ የኢትዮጵያ ባህል ሕክምና ለአንድ የአንጀት ሕመም አማራጮች ያሉት፣ በሰውየው አቅም የሚለዋወጥ የመድኃኒት ሥርዓት ነበረው ማለት ይቻላል።

ኮሶ በአውሮፓ ሳይንስ መጻሕፍት የገባው በብሩስ በኩል ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በሥዕል አስደግፎ ከገለጸ በኋላ በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው፤ ነገር ግን ያ ስም ቀደም ብሎ ለአውስትራሊያ ተክሎች ተሰጥቶ ስለ ነበር አልጸናም። በ1791 ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐን ፍሪድሪሽ ግሜሊን በኮኒግስበርግ ይኖር ለነበረው የመድኃኒትና የዕፅዋት ሊቅ ለካርል ጎትፍሪድ ሀገን መታሰቢያ እንዲሆን ሀጌኒያ የሚለውን ስም ሰጠው። ከዚያም በ1820ዎቹ መጀመሪያ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራየር የአበባውን የመፈወስ ኃይል አይቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ ስላመጣ፣ የዕፅዋት ሊቁ ኩንት ተክሉን በእርሱ ስም ብራየራ ብሎ መዘገበው። ስለዚህ ኮሶ ለረጅም ጊዜ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በሁለት ሳይንሳዊ ስሞች ሲታወቅ ኖረ።

በ1840ዎቹ ሸዋንና ጎንደርን የጎበኘው ፈረንሳዊ ሮሼ ዴሪኩር ብዙ ኮሶ ወደ አውሮፓ ስላጓጓዘ መድኃኒቱ የንግድ ግለት ፈጠረ። በ1850 ግድም በለንደን የአንድ አውንስ፣ ማለትም የ28 ግራም ያህል ኮሶ ዋጋ 35 ሽልንግ ነበር፤ ሌሎች ነጋዴዎች በብዛት ማስገባት ሲጀምሩ ግን ዋጋው ወርዶ አንድ ሙሉ ፓውንድ በ3 ወይም በ4 ሽልንግ እስከ መሸጥ ደረሰ። በ1864 የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ሲወጣ ኮሶ በይፋ ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ለዚህ ትል የነበራት መድኃኒት በዋነኛነት የፈርን ሥርና የሮማን ቅርፊት ነበር፤ የፈርኑንም ቀመር በምሥጢር ትይዝ ከነበረች ስዊዘርላንዳዊት ኑፈር ከምትባል መበለት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በ1775 በ18,000 ሊቭር ገዝቶ ለሕዝብ እንዲገለጽ አድርጓል። በፈረንሳይ በንጉሥ ገንዘብ የተገዛው ዓይነት እውቀት በኢትዮጵያ የእያንዳንዱ ጎጆ የጋራ ሀብት መሆኑ ሲነጻጸር፣ የኮሶ ልማድ ምን ያህል ለሕዝብ የቀረበ ሕክምና እንደ ነበር ይገለጣል።

ይሁን እንጂ ትሉ ከየት እንደሚመጣ የሚለው ጥያቄ የተመለሰው በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በጀርመን ነው። ፍሪድሪሽ ኩሽንማይስተር በ1855 የሞት ፍርድ ለተፈረደበት እስረኛ ከአሳማ ሥጋ የወጡ እጮችን ሳያሳውቀው በምግቡ አብልቶ፣ የሞት ፍርዱ ከተፈጸመበት በኋላ በአንጀቱ ወጣት ትሎችን አገኘ፤ ዘዴው በሕክምና ሥነ ምግባር ሲወገዝ የኖረ ቢሆንም ሥጋና ትል የተያያዙበትን ሰንሰለት አጋልጧል። የከብቱን ሥጋ በሚመለከት ደግሞ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 የትሉን እንቁላል ለጥጃ አብልቶ እጮቹ በጡንቻው ውስጥ ማደጋቸውን አረጋገጠ፤ በ1869 በሕንድ ያገለግል የነበረው ብሪታንያዊው ሐኪም ኦሊቨር ከበሬ ሥጋ የተወሰዱት እጮች በሰው አንጀት ሙሉ ትል እንደሚሆኑ በማሳየት ዑደቱን አሟላ። በእነዚህ ሥራዎች ምክንያት በሽታውን ከመድኃኒት ሌላ በሥጋ ምርመራና በንጽሕና መከላከል እንደሚቻል ታወቀ።

ይህ ግኝት የኮሶን የሁለት ወር ሥርዓትም ለመረዳት ያስችላል። ኮሶ የትሉን ሰንሰለት ቆርጦ በማስወጣት የታወቀ ቢሆንም ጭንቅላቱን ሁልጊዜ አያስወጣም ነበር፤ ጭንቅላቱና አንገቱ በአንጀት ከቀሩ ደግሞ አዳዲስ ክፋዮች እየበቀሉ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ትሉ እንደ ቀድሞው ይሆናል። በዚህ ላይ በመካከሉ የሚበላው ጥሬ ሥጋ አዲስ እጭ ሊያስገባ ይችላል። ሰዎች የክፋዮቹን ዳግመኛ መታየት በመጠባበቅ የወሰኑት የጊዜ ልክ ከትሉ የዕድገት ፍጥነት ጋር መገጣጠሙ፣ ልማዱ በረጅም ዘመን ጥንቃቄ ከተሞላበት ትዝብት የተወለደ መሆኑን ያሳያል። ሆኖም ያው የጊዜ ልክ መድኃኒቱ ትሉን ከሥሩ እንደማይነቅለውም ምስክር ነው፤ ኮሶ የጠጣው ሰው ያስወጣው ትልም በሜዳ ስለሚጣል ለከብቱ አዲስ የመበከያ ምንጭ ይሆን ነበር።

የመድኃኒቱ ጉዳትም በዝምታ መታለፍ የለበትም። በአበባው ውስጥ ያሉት ዋነኛ ንጥረ ነገሮች፣ ከእነርሱም መካከል በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ተለይቶ የታወቀው ኮሶቶክሲን፣ ከፍሎሮግሉሲኖል የሚገኙ ውሕዶች ሲሆኑ በፈርን ሥር ውስጥ ካሉት ጋር ቤተሰብነት አላቸው፤ ትሉን የሚመርዘው ነገር መጠኑ ሲበዛ ሰውንም ይመርዛል። ልክ በሌለው መጠን የተወሰደ ኮሶ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ አስከትሎ ሰውነትን ያደክማል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው። በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ በኮሶ መመረዝ ምክንያት በዐይን ላይ የደረሱ ጉዳቶችን ለሐኪሞች አሳውቋል። አንድ እፍኝ የሚለው መለኪያ በእጅ ስፋት፣ በአበባው ትኩስነትና በጠጪው ክብደት ስለሚለያይ፣ ተመሳሳይ መድኃኒት አንዱን ሲፈውስ ሌላውን ሊጎዳ ችሏል። የባህል መድኃኒት ድክመት እምብዛም በቅመሙ ሳይሆን በመጠኑ እንደሆነ ኮሶ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል።

የልማዱን ዘመን የዘጋው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና የዋለው ኒክሎሳማይድ የተባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ትሉ ኃይል የሚያመነጭበትን ሂደት በማወክ ጭንቅላቱን ጭምር ይገድላል፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ስለሆነም በሰውየው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። ለአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታኘክ 2 ግራም ይበቃል። ከእርሱ በኋላ በ1970ዎቹ የተገኘው ፕራዚኳንቴልም በአንድ መጠን ብቻ ይሠራል። ቀን ሙሉ የሚያውለውን መራራ ጽዋ ጥቂት እንክብሎች ስለተኩት ኮሶ በከተሞች ፈጥኖ፣ በገጠርም ቀስ እያለ ከዕለት ኑሮ ወጣ።

የመድኃኒቱ መሻሻል ግን ጥያቄውን በግማሽ ብቻ መልሷል፤ የሚቀረው ግማሽ የበሽታውን ዑደት መቁረጥ ነው። ለዚህ ከኢትዮጵያ ምድር የወጣ አስተማሪ ምሳሌ አለ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ አካባቢ ልብስ ማጠቢያ የሆነው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ሲገነዘቡ፣ በአገር በቀል ተክል በሽታውን ከሰው አካል ውጭ፣ ዑደቱ ባለበት ወንዝ ላይ ለመቁረጥ የሚያስችል መንገድ ከፍተዋል። የኮሶ ትል ዑደት ሊቆረጥ የሚችልባቸው ቦታዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው፤ ዓይነ ምድር ከግጦሽ የሚለይበት መጸዳጃ ቤት፣ ሐኪም ሥጋውን የሚመረምርበት ቄራና ሥጋው የሚበስልበት ምድጃ። እጩ ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞታል፤ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን የቀዘቀዘ ሥጋ ውስጥም አይተርፍም። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ የሚያርድበት ቅርጫ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ያለ እንስሳት ሐኪም ምርመራ የሚከናወን በመሆኑ ሰንሰለቱ እንዲቀጥል በር ይከፍታል።

ኮሶ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ለምዕተ ዓመታት የቆመ ባለውለታ ነው፤ ዛፉም ለጣውላና ለቤት ዕቃ ሲባል ሲጨፈጨፍ በመኖሩ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የደን አዋጅ በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው ጥቂት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ለዚህ ባለውለታ የሚገባው ክብር ዛፉን መትከልና መጠበቅ፣ የአባቶችንና የእናቶችን እውቀት መዝግቦ በቤተ ሙከራ መመርመር፣ ኮሶንም በዘፈቀደ መጠን ከመጠጣት ተቆጥቦ ትል የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ መጸዳጃ ቤቱን ቆፍሮ ሊጠቀምበት፣ የሚያርደውን በሬ ሊያስመረምር፣ ሥጋውንም አብስሎ ሊበላ ይገባዋል፤ ቀደምቶቹ በየሁለት ወሩ የጠጡት ምሬት ለልጅ ልጆች የማይተርፈው በዚህ ብቻ ነውና።